ገጸ ባሕርዬን ዮዲት ብላት ጉዲት ትሆንብኛለች?

ጥያቄው፦ «ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዮዲት ትባላለች፤ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። አባቷ ከሞተ በኋላ ወንድሞቿ ከውርስ ሊያስወጧት ሲያስቡ ክስ መሥርታ የቤተሰቡን ቤት ታስሸጣለች። ወንድሞቿ ‹ጉዲት› ይሏታል። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬ ‹ስሙ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አጥፊ መሆኗን ይናገራል፤ ቀይሪው› አለችኝ። ሌላ አንባቢ ደግሞ ‹ዮዲት እኮ የመጽሐፍ ቅዱስ ጀግና ናት› ይላል። ለመሆኑ ሁለቱ አንድ ሴት ናቸው? ስሙ በራሱ መጥፎ ትርጉም አለው? የመጽሐፍ ቅዱስ ስም እንዲህ ያለ ትርጉም የሚያገኘውስ እንዴት ነው?»

ስሙን አይቀይሩት። መስተካከል ያለበት ስሙ ከማን አፍ፣ በየትኛው ገጽ፣ ከየትኛው ቃል ጎን እንደሚወጣ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን በጥያቄዎ ውስጥ የተቀላቀሉ ሦስት ነገሮች መለየት አለባቸው፦ የስሙ ሥር፣ ስሙን የተሸከሙት ሴቶች፣ ስሙ በሰው አፍ ያገኘው ፍቺ። ሁለቱ ሴቶች አንድ አይደሉም። የመጽሐፍ ቅዱሷ ዮዲት ታሪኳ የተቀመጠው በናቡከደነፆር ዘመን ነው፤ ጉዲት የምትባለው ንግሥት ደግሞ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ናት። በመካከላቸው ከሺህ ዓመት በላይ አለ።

ከሥሩ እንነሣ። ዮዲት በዕብራይስጥ ይሁዲት የሚለው ስም ነው፤ የይሁዳ ወገን የሆነች፣ አይሁዳዊት ማለት ነው። ሥሩ ይሁዳ ነው፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ልያ አራተኛ ልጇን ስትወልድ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ብላ ያወጣችው ስም። በሥር ከሄድን እንግዲህ ምስጋና እንጂ ጥፋት የለበትም። ግን ሥር ብዙ ርቀት አያስኬድም። ከዚሁ ከአንድ ሥር «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የነገሥታት መጠሪያ ወጥቷል፤ ጌታውን በ30 ብር የሸጠው የአስቆሮቱ ይሁዳም ወጥቷል፤ የጠላት ጦር አዛዡን የሆሎፎርኒስን አንገት የቆረጠችው ዮዲትም፣ አክሱምን አጠፋች የምትባለዋ ዮዲትም። ሥሩ ትርጉሙን የሚወስን ቢሆን ኖሮ አራቱም አንድ ዓይነት ስሜት በሰጡን ነበር። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይባላል። የደራሲ ሥራ ያለው ከጎረቤቱ ላይ ነው።

ስም በሰው አፍ የሚያገኘውን ፍቺ ሦስት ነገሮች ይወስኑታል። አንደኛው ምርጫ ነው፤ ጎረቤት ስምን የሚቀበለው አንድ ትዕይንት መርጦ ሌላውን በመጣል ነው። ኢዮብን ይውሰዱ። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። ኢዮብ ያለ ማጉረምረም የታገሠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው፤ ሦስተኛው ላይ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ክፍል ክርክር ነው፤ ከወዳጆቹ ጋር ይሟገታል፣ እግዚአብሔርን ራሱን ለፍርድ ይጠራል። እኛ ግን «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» እንላለን። «እንደ ኢዮብ ተሟገተ» የሚል የለም። ለምን? ምርጫውን ያጸናው በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የኢዮብን ትዕግሥት ሰምታችኋል የሚለው። ስብከትና ምርቃት ያንን ዐረፍተ ነገር ይዘው ዘመን ተሻገሩ፤ ሠላሳ ምናምኑ የክርክር ምዕራፍ ለመጽሐፉ አንባቢ ብቻ ቀረ።

አብርሃምም እንደዚሁ ነው። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት «የአብርሃም ቤት» የሚባለው በዘፍጥረት 18 ላይ ሦስት እንግዶችን በመምሬ ዛፍ ሥር ስለተቀበለ ነው። ሠርግ ላይ ደግሞ «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ይባላል፤ ያን ጊዜ ግብፅ ላይ ሣራን እኅቴ ናት ማለቱን ወይም የአጋርን ነገር የሚያነሣ ሽማግሌ የለም፣ ቢያነሣም ከድንኳኑ በጊዜ ይሸኛል። ማቱሳላ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። መጽሐፉ ስለ እርሱ የሚለው ላሜህን በ187 ዓመቱ ወልዶ 969 ዓመት መኖሩን ነው፤ ሌላ ሥራ አልተጻፈለትም። ስለዚህ ስሙ ከዕድሜ ሌላ ሊሸከም የሚችለው ነገር የለም። ከዚህ ለእርስዎ የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ ሕዝብ የጣለው የታሪኩ ክፍል ለደራሲ የተቀመጠ ጥሪት ነው። ኢዮብ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፍርድ ቤት የሚንከራተት ተሟጋች ቢያደርጉት አንባቢን ያስገርማሉ፤ መጽሐፉን ግን አይጥሱም።

ሁለተኛው ነገር ስሙ በሰዋስው በኩል የሚሄደው መንገድ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የተጸውዖ ስም ወደ የወል ስም ሲንሸራተት በጽሑፍ ላይ ምልክት አይታይም። የሚታየው ቃሉ በሚቀበለው ቅጥያ ነው። መጀመሪያ «እንደ ኢዮብ ታገሠ» ይባላል፤ ይህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው፣ ስሙ ገና የሰውየው ነው። ቀጥሎ «የኢዮብ ትዕግሥት» የሚል የረጋ ሐረግ ይፈጠራል። ከዚያ «በመካከላችን ይሁዳ አለ» ወደሚለው ተለዋጭ ዘይቤ ያልፋል። በመጨረሻ «ይሁዳዎች በዝተዋል»፣ «ያ ይሁዳው» ሲባል ስሙ እንደ ማንኛውም የወል ስም ይረባል። አንዳንዱ ስም በሌላ በር ይወጣል፤ ሰሎሞን «ሰሎሞናዊ» ሆኖ ቅጽል ሆነ፣ በ1270 እ.ኤ.አ. ከነገሠው ከይኩኖ አምላክ የሚጀምረው ሥርወ መንግሥትም ሰሎሞናዊ ተባለ።

ይህን በራስዎ ገጸ ባሕርይ ላይ ይሞክሩት። ስሙ ላይ «አንድ»፣ «-ዎች»፣ «-ው» ወይም «-ዋ» እየጨመሩ ጮክ ብለው ያንብቡ። «ይሁዳዎች በዝተዋል» ሲባል ማንም ሰው ከሃዲዎች ማለት እንደሆነ ይገባዋል። «ኢዮቦች በዝተዋል» ቢባል ግን አንድ ክፍል ውስጥ ኢዮብ የሚባሉ ተማሪዎች መብዛታቸው ነው የሚመስለው፤ ኢዮብ ከረጋው ሐረግ አላለፈም ማለት ነው። አሁን ዮዲትን ያስገቡ። «ዮዲቶች በዝተዋል» ቢሉ ሰሚው የሚያስበው ሁለት ሦስት ዮዲት የሚባሉ ልጆችን ነው። «እንደ ዮዲት ሆነች» ቢሉ ደግሞ «የቷ ዮዲት?» ይባላሉ። «እቺ ጉዲት ምን አደረገች መሰለህ» ቢሉ ግን ጥያቄ የለም። ጓደኛዎ የሳተችው እዚህ ላይ ነው። አጥፊ የሚለው ፍቺ የተቀመጠው ጉዲት ላይ ነው፤ ዮዲት ላይ የሚያርፈው ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲጠሩ ብቻ ነው። ዮዲት የሚባሉ ሴቶች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ ስማቸው ሲጠራ የሚደነግጥ የለም። ልጁን ይሁዳ ብሎ የሚያስጠምቅ ወላጅ ማግኘት ግን ይከብዳል። በአፍ የሚወራውንና በተግባር የሚወጣውን ስም ካነጻጸሩ የአንድ ስም ክብደት ወዲያው ይለካል።

ይሁዳ ራሱ ግን «ከሃዲ» ብቻ አይደለም፤ «ነገደ ይሁዳ» ሲባል ዙፋን ነው፤ «የይሁዳ መልእክት» ሲባል ከአዲስ ኪዳን መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ከሐዋርያቱም መካከል ሌላ ይሁዳ ነበረ። ትርጉሙን የሚቆጣጠሩት አጃቢ ቃላት ናቸው፦ «ነገደ»፣ «መልእክት»፣ «አስቆሮቱ»፣ «30 ብር»፣ «ስሞ ሸጠው»። ስሙን ማስተካከል ካልቻሉ አጃቢውን ያስተካክላሉ። ከታች የምሰጥዎት ምክር በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ሦስተኛው ነገር ቦታ ነው። የአንድ ስም ትርጉም አገር ሲሻገር አብሮ አይሻገርም። ጲላጦስ በአውሮፓ እጁን ታጥቦ ንጹሕ ነኝ ያለ ፈሪ ዳኛ ነው፤ እኛም «እጁን ታጠበ» እንላለን። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ጲላጦስ በሰኔ ወር በስንክሳር የሚታሰብ ነው፤ ከማቴዎስ 27 ውስጥ የውኃው ትዕይንት ሳይሆን «እኔ ከዚህ ጻድቅ ሰው ደም ንጹሕ ነኝ» ማለቱና የሚስቱ ሕልም ተመርጠዋል። አንድ ምዕራፍ፣ ሁለት ምርጫ። ስለዚህ ከውጭ ልብ ወለድ የለመዱትን የስም አጠቃቀም እንዳለ ሲያመጡ የኛ አንባቢ የሚሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዮዲት። መጽሐፈ ዮዲትን ካላነበቡት ሳይውል ሳያድር ያንብቡት፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። ዮዲት እስከ ምዕራፍ 8 ድረስ የለችም። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ምዕራፎች ስለ ናቡከደነፆር ዘመቻ፣ ስለ የጦር አዛዡ ስለ ሆሎፎርኒስ፣ ከተማዋን ከብቦ ውኃ ስለ መቁረጡ ናቸው። ከበባው 34 ቀን ሲሞላው ሕዝቡ ጉድጓዱ ደርቆበት እጅ እንስጥ ይላል፤ የከተማው ሽማግሌ ዖዝያን አምስት ቀን እንጠብቅ፣ እግዚአብሔር ካልደረሰልን እንሰጣለን ብሎ ቀጠሮ ይይዛል። ዮዲት የምትገባው በዚህ ቀጠሮ ላይ ነው። ባሏ ምናሴ በገብስ አጨዳ ፀሐይ መትታው ሞቷል፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር በመበለትነት፣ ማቅ ለብሳ፣ በቤቷ ሰገነት ላይ ድንኳን ተክላ፣ በጾም ኖራለች። ባሏ ወርቅና ብር፣ ከብትና እርሻ ትቶላታል፤ የምታስተዳድረውም ራሷ ናት። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ሰይፍ ማንሣት አይደለም። ሽማግሌዎቹን አስጠርታ እግዚአብሔርን በቀጠሮ የምትፈትኑ እናንተ ማን ናችሁ ብላ ትገሥጻቸዋለች። ከዚያ ትጸልያለች፤ ማቁን አውልቃ ታጥባ ታጌጣለች፤ ስንቋን ለአገልጋይዋ አሸክማ ከበር ትወጣለች። ጠላት ሰፈር ሦስት ቀን ትቀመጣለች፣ ከራሷ ስንቅ እየበላች፣ ሌሊት ሌሊት ለጸሎት እየወጣች። በአራተኛው ቀን ግብዣ ይሆናል፤ ሆሎፎርኒስ ሰክሮ ይወድቃል፤ በገዛ ሰይፉ ሁለት ጊዜ መትታ አንገቱን ትቆርጣለች። ራሱ የሚወጣው በዚያው በስንቅ ከረጢት ነው። ጠባቂዎቹ ለጸሎት ስትወጣ ስለለመዷት አያስቆሟትም።

ከዚህ ውስጥ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች የመረጡት ሰይፉንና ራሱን ነው። የጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ የቀራጺው የዶናቴሎን የነሐስ ሐውልት በ1495 ገዢዎቿ ሜዲቺዎች ከተባረሩ በኋላ ከቤታቸው አውጥታ በአደባባይ ስታቆመው ዮዲት አምባገነንን የገረሰሰች ከተማ ምልክት ሆነች። ሠዓሊው ክሊምት በ1901 ሲሥላት ደግሞ ወንድን የምታጠፋ ውብ ሴት ሆናለች፤ ብዙ ሰው ሥዕሉን የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ ባስቆረጠችው ሴት ስም ሰሎሜ ይለው ነበር፤ ሁለቱም የተቆረጠ ራስ ስለያዙ። ይህ የስም ትርጉም ሲበላሽ የሚሆነውን በደንብ ያሳያል፦ ትዕይንቱ ከምክንያቱ ሲነጠል ስሙ ከሌላ ስም ጋር ይቀላቀላል።

የኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለ ንግሥቲቱ ለዘመኑ ቅርብ የሆኑ ሁለት የዐረብኛ ምንጮች አሉ። አንደኛው የእስክንድርያ አባቶች ታሪክ ነው፤ በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘመን፣ ከ979 እስከ 1003 እ.ኤ.አ. ባለው፣ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው (ለኑቢያው) ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከውን ደብዳቤ ይጠቅሳል፤ አንዲት ንግሥት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ እኔንም ከቦታ ወደ ቦታ አሳደደችኝ ይላል። ሁለተኛው የመልክዐ ምድር ጸሐፊው ኢብን ሐውቀል ነው፤ ሐበሻን ሴት እንደምትገዛና ንጉሡን እንደገደለች ጽፏል። ሁለቱም ስሟን አይጠሩም። ደብዳቤው የምትመጣበትን ሕዝብ ሲጠራ የተጠቀመበትን ቃል አንዳንድ ተመራማሪዎች ዳሞት ብለው አንብበውታል፤ ያ ከሆነ ከደቡብ የመጣች እንጂ አይሁዳዊት ላትሆን ትችላለች። ጉዲት፣ እሳቶ፣ ትርዳእ ገበዝ የሚሉት ስሞች የተገኙት ከአገር ውስጥ ትውፊት ነው፤ 40 ዓመት ገዛች የሚለውም እንዲሁ።

ታዲያ ዮዲት የሚለው ከየት ተጣበቀ? ሁለት ነገር አጣብቆታል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ሃይማኖት ነው፤ ትውፊቱ አይሁዳዊት ናት ስለሚል ይሁዲት ብሎ መጥራት ማንነቷን መናገር ሆነ። ሌላው ድምፅ ነው። ዮዲት፣ ጉዲት፤ ቤት ይመታል። አማርኛ ቤት የመታ ነገር አይለቅም። «ጉዲት» ውስጥ «ጉድ» ስለሚሰማ ሦስተኛ ማሰሪያ ተጨመረ፤ «እሳቶ» ውስጥ ደግሞ «እሳት» አለ። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዮዲት ብሎ ለአውሮፓ አስተዋወቃት፤ በኛም ዘንድ የትምህርት ቤት ታሪክ «ዮዲት ጉዲት»ን እንደ ስምና የአባት ስም አንድ ላይ አስጠናን። ስም አንዴ ከጸና ደግሞ ሌላውን ነገር ወደ ራሱ ይስባል። አክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው የድንጋይ ሐውልቶች መስክ የጉዲት ሐውልቶች ይባላል፤ መቃብሮቹ ግን እርሷ ከመወለዷ በብዙ መቶ ዓመታት የቀደሙ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳች ዮዲትም አለች። በዘፍጥረት 26 መጨረሻ ላይ ዔሳው በ40 ዓመቱ ካገባቸው ሁለት የኬጢ ሴቶች አንዷ ዮዲት ትባላለች፤ ለይስሐቅና ለርብቃ የልብ ኀዘን ሆኑባቸው ይላል። ስለዚህ «የመጽሐፍ ቅዱሷ ዮዲት ጀግና ናት» ያለዎት አንባቢም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ስለ ውርስና ስለ ወንድማማቾች ጠብ ለሚጽፍ ሰው ይህች ዮዲት ከሁለቱ ታላላቆች ይልቅ ልትቀርብ ትችላለች፤ የዔሳው ብኩርና ነገር ያለው በዚያው አካባቢ ነውና።

የአንባቢዎን ማንነት ቸል አይበሉ፤ የምክሬ ወሰንም እዚህ ላይ ነው። በ81ዱ መጻሕፍት ያደገ ኦርቶዶክስ መጽሐፈ ዮዲትን ቢያንስ በስም ያውቀዋል። በ66ቱ ያደገ ፕሮቴስታንት መጽሐፉን በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አያገኘውም፤ ዮዲት ሲባል ወደ አእምሮው የምትመጣው የታሪክ መጽሐፏ ንግሥት ናት። ሙስሊም አንባቢ ኢዮብን አዩብ ብሎ በሶብሩ፣ በትዕግሥቱ፣ ያውቀዋል፤ ዮዲት ግን ቁርኣን ውስጥ ስለሌለች እርሱም የሚቀረው የትምህርት ቤቷ ጉዲት ነው። በቤተ እስራኤል ዘንድ ደግሞ ይህችው ንግሥት እንደ ራሳቸው ንግሥት በኩራት የምትነሣበት ወግ አለ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በአንድ ፍንጭ መድረስ አይቻልም። ረቂቁን ከመስጠትዎ በፊት ለአምስት ሰው፣ ሁለት ኦርቶዶክስ፣ ሁለት ፕሮቴስታንት፣ አንድ ሙስሊም፣ ስሙን ብቻ ነግረው መጀመሪያ የመጣላቸውን ነገር በአንድ ቃል ያስጽፉ። ጽሑፉን ካሳዩ በኋላ ቢጠይቁ መልሱ የስሙ ሳይሆን የእርስዎ ድርሰት ይሆናል።

ምክሬ እነሆ። መጀመሪያ «ጉዲት» የሚለውን ቃል ከተራኪው አፍ ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ተራኪ ጉዲት ካለ ፍርድ ነው፤ ወንድም ጉዲት ካለ ስድብ ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ይህን ለማየት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያስታውሱ፦ ካሣ ዳምጤን «ጉዱ ካሣ» የሚለው አካባቢው ነው፤ አንባቢው ግን የሰውየውን ንግግር ራሱ ስለሚሰማ ቅጽሉ ወደ ሰጪዎቹ ይመለሳል። ተራኪው በራሱ ፍርድ ጉድ ነው ብሎ ቢያውጅ ኖሮ ያ መንገድ ይዘጋ ነበር። የእርስዎም ወንድሞች በመላው መጽሐፍ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበሉት፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢ ቅጽሉን እንደ ስም ይለምደውና ስለቱ ይዶለዱማል። ስድቡ መጀመሪያ የሚወጣበትን ምልልስ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በፊት አያድርጉት፤ ያለ ምክንያት የመጣ ስድብ ከገጸ ባሕርዩ ይልቅ የደራሲው ሐሳብ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ጉዲት የሚለው ቃል ከመነሣቱ በፊት ከመጽሐፈ ዮዲት አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ወደ ታሪኩ ያስገቡ። ሰይፉን አይምረጡ፤ ሁሉም የሚመርጠው እርሱን ነው፣ በሕግ ክርክር ውስጥም ቢላዋ ይዛ ብትታይ ያስቃል። ለእርስዎ ታሪክ የሚስማማው የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ነው። የእድሩ ወይም የቤተሰቡ ሽማግሌዎች «እስከ ተዝካሩ ታገሺ» ብለው ቀን ይቁረጡ፤ እርሷ ቀን መቁረጣቸውን ራሱን ትገሥጽ። መጽሐፉን የሚያውቅ አንባቢ ይሰማዋል፤ የማያውቀው ምንም አይጎድለውም። ይህ ነው የፍንጭ መመዘኛ፦ ፍንጩ ሳይታወቅ ትዕይንቱ ብቻውን መቆም አለበት። «እንደ መጽሐፍ ቅዱሷ ዮዲት ቆራጥ ነበረች» ብለው ከጻፉ ግን ሥራው ተበላሸ፤ ያ የሰባኪ ዐረፍተ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ የስሙን ቅርጾች ይከፋፍሉ። ቤት ውስጥና ጓደኞቿ መካከል «ዮዲ» ትባል፤ ይህ ቅርጽ ከጉዲት ጋር ቤት ስለማይመታ ጥላው አይደርስበትም። በክስ ማመልከቻና በችሎት ሙሉ ስሟ ይጠራ። ጉዲት በቁጣ ብቻ ይውጣ። ሦስቱ ቅርጾች ከተለያዩ አፎች ሲመጡ አንባቢው ስሙ እንዴት ትርጉም እንደሚለወጥ ከእርስዎ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያየዋል። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ሲታተም ጀግናዋ ጦቢያ ተብላ ነበር፤ በስሙ ድምፅ ውስጥ የመጽሐፈ ጦቢት ወንድ ልጅ ጦብያም፣ ሕዝብ አገሩን ኢትዮጵያን የሚጠራበት ጦቢያም አብረው ይሰማሉ፤ ልጅቱም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። አንድም ቦታ ስሙ ይህ ማለት ነው ተብሎ ማብራራት አላስፈለገም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ። መጽሐፉን «ዮዲት» ብለው አይሰይሙት። ሽፋን ላይ አጃቢ ቃል የለም፤ ስም ብቻውን ሲቆም አብዛኛው ገዢ ስለ ንግሥቲቱ የተጻፈ የታሪክ ልብ ወለድ ነው ብሎ ያነሣዋል፤ ሲያነብ ቅር ይለዋል። አጻጻፉንም ዮዲትና ዩዲት እያፈራረቁ አይጻፉ፤ አራሚው ሳያየው ካለፈ አንባቢ ሁለት ሰው ይመስለዋል። ዙሪያዋን ያሉትን ሰዎች ደግሞ በከባድ ስም አይሙሏቸው፤ ከዳተኛው ወንድም ይሁዳ፣ ዳኛው ሰሎሞን፣ ታጋሹ ጠበቃ ኢዮብ ከሆኑ ልብ ወለዱ ወደ ምሳሌያዊ ድራማ ይወርዳል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሥራ የሚሠራ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም አንድ ይበቃል፤ ሌሎቹ ግርማ፣ ተስፋዬ፣ አልማዝ ይሁኑ። በቤቱ የምትሠራ ሴት ካስገቡ ከዚህ ነፃ የምትሆነው እርሷ ብቻ ናት። በመጽሐፈ ዮዲት ውስጥ ከረጢቱን የተሸከመችው አገልጋይ ስም አልተጻፈላትም፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ዮዲት ነፃ ታወጣታለች። እርሷን የፈለጉትን ስም ይስጧት፤ የቤቱ ሽያጭ ገንዘብ ሲከፋፈል የስንት ዓመት ደመወዟ እንዳልተከፈላትም በዚያው ትዕይንት ያስቡበት።